የዘመመው ግድግዳ



ጎርፍ ቤት ሲወስድ፣ ናዳ መንደር ሲቀብር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከሰው አፍ የሚወጣው ቃል «የአላህ ሥራ ነው» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም። ይሁን እንጂ ቃሉን ማን እንደተናገረው መለየት ያስፈልጋል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሲናገረው ሶብር ነው። ለቤቱ መፍረስ ምክንያት የሆነው ሰው ሲናገረው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን በአንዲት ከተማ ላይ የደረሱ ሦስት ታላላቅ ጎርፎችን ታሪክ ይዘን የቀረብነው ይህ ልዩነት በደንብ ስለሚታይባት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ጆንስታውን ትባላለች። የምትገኘው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል በተራሮች መካከል ነው። ስቶኒክሪክ እና ትንሹ ኮኔማ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ወርደው የሚገናኙት መሐል ከተማዋ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሆነው ኮኔማ የሚለውን ስም ይዘው ይሄዳሉ። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ዙሪያው ቁልቁለት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሰፈረ ሕዝብ ውሃ እንደሚጎበኘው ያውቃል። የጆንስታውን ሰዎችም ያውቁ ነበር። በየጸደዩ በረዶው ሲቀልጥና ዝናቡ ሲበረታ ውሃ ጎዳና ላይ ይወጣል፤ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ፎቅ ያወጣሉ፤ ውሃው ሲጎድል ጭቃውን ጠርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በእኛም አገር ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ይህን አመል ያውቀዋል።

በ1852 ካምብሪያ የሚባል የብረት ኩባንያ እዚያ ተቋቋመ። ከተማዋም በፍጥነት አደገች፤ በ1889 በሸለቆው ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ወደ 30,000 ደርሶ ነበር። ዕድገቱ ግን በወንዞቹ ላይ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በተራሮቹ ላይ የነበረው ደን ለማገዶና ለግንባታ ተቆረጠ። ሁለተኛ፣ ከብረት ማቅለጫው የሚወጣው ዝቃጭ ወንዙ ዳር እየተደፋ፣ በላዩም ቤት እየተሠራ የወንዙ መሄጃ ጠበበ። እስቲ አስቡት፤ ተራራው ውሃ የሚይዝበትን ጫካ አጥቷል፣ ወንዙ ደግሞ ውሃ የሚያሳልፍበትን ስፋት አጥቷል። ዝናቡ ያው የድሮው ዝናብ ነው፤ ወንዙ ግን የድሮው ወንዝ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጉዳይ ግን ከከተማዋ በላይ በኩል ነበር። 23 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲወጣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል ከአፈርና ከድንጋይ የተሠራ ግድብ ነበር። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በ1838 ጀምሮ በ1853 የጨረሰው ለጀልባ መሄጃ ቦይ የሚሆን ውሃ እንዲያጠራቅም ነበር። ግድቡ ባለቀ ጊዜ ግን ባቡር መጥቶ ቦዩ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ግድቡ ተሸጠ፤ ተረሳ፤ በ1862 ከፊሉ ተናደ። በዚያን ጊዜ በሐይቁ ውስጥ የነበረው ውሃ ጥቂት ስለነበረ ብዙ ጉዳት አላደረሰም። ከዚያም በ1875 የገዛው ሰው ከግድቡ ሥር ተቀብረው የነበሩትን የብረት ቧንቧዎች አውጥቶ ሸጣቸው። እነዚህ ቧንቧዎች ውሃው ሲበዛ ከሥር የሚለቀቅባቸው፣ ለጥገናም ሐይቁን ዝቅ ማድረግ የሚቻልባቸው ብቸኛ መንገዶች ነበሩ።

በ1879 ግድቡ በፒትስበርግ ከተማ ሀብታሞች እጅ ገባ። እነርሱም ቦታውን የበጋ መዝናኛ፣ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ አደረጉት። አባላቱ ወደ 60 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ፣ የከሰሉ ነጋዴ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ እና የባንኩ ሰው አንድሩ ሜለን ይገኙባቸዋል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከእነርሱ በላይ ገንዘብ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። የግድቡ ጥገና ግን የድሃ ጥገና ሆነ፤ የተናደው ቦታ በአፈር፣ በጭራሮ፣ በድርቆሽና በፋንድያ ተደፈነ። የተሸጡት ቧንቧዎች አልተተኩም። ሁለት ሠረገላ ጎን ለጎን እንዲያልፍበት ተብሎ የግድቡ አናት ተቆርጦ ዝቅ ተደረገ። በገንዘብ የተገዛው ዓሣ እንዳያመልጥ ትርፉ ውሃ በሚወጣበት አፍ ላይ የብረት መረብ ተተከለ፤ መረቡም ቅጠልና ግንድ ይይዝ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን እንደ መምህር ትንሽ ማብራራት አለብን። የአፈር ግድብ ውሃን ከፊቱ ለመግፋት ብርቱ ነው፤ ውሃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰ ግን አይችልም። በአናቱ የሚያልፈው ውሃ የኋላውን ዳገት ይልሰዋል፤ ትንሽ ቦይ ይቆፍራል፤ ቦዩ ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይገባበታል፤ ብዙ ውሃ ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ የአፈር ግድብ ሕይወቱ በማስተንፈሻው ላይ ነው። አናቱን ዝቅ ያደረገ ሰው በማስተንፈሻውና በአናቱ መካከል የነበረውን ልዩነት አሳንሶታል፤ መረብ የተከለበት ደግሞ የቀረውን አፍ አፍኖታል።

ይህን ያየ ሰው አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ኃላፊ ዳንኤል ሞረል በ1880 ጆን ፉልተን የሚባል መሐንዲስ ወደ ግድቡ ላከ። ፉልተንም ሁለት ጉድለት አግኝቶ በጽሑፍ አሳወቀ፤ ውሃውን መልቀቂያ ቧንቧ የለም፣ የተናደው ቦታም በአግባቡ አልተጠገነም። የክለቡ መሥራች ቤንጃሚን ረፍ ግን ከእኛ ሥራ የሚደርስባችሁ አደጋ የለም የሚል መልስ ሰጠ። ሞረል ከኩባንያው ገንዘብ ለጥገናው ላዋጣ ብሎ ቢጠይቅም አልተቀበሉትም። ቢቸግረው ነገሩን በቅርብ ለመከታተል ራሱ የክለቡ አባል ሆነ፤ በ1885 ግን ሞተ።

ሜይ 30 ቀን 1889 ማታ ዝናብ ጀመረ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ዘነበ ተብሎ ይገመታል። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ጎርፉ በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ነበር፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ምንጣፉን ወደ ፎቅ አወጣ። በግድቡ ላይ ደግሞ ሠራተኞች አናቱን በአፈር ከፍ ለማድረግ፣ ሁለተኛ ማስተንፈሻ ለመቆፈር፣ መረቡንም ለመንቀል ይታገሉ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ነው እንግዲህ! ጆን ፓርክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ በፈረስ ወርዶ በቴሌግራፍ ማስጠንቀቂያ እንዲላክ አደረገ። ከመልእክቶቹ የተወሰኑት ቢደርሱም የሰማቸው የለም ማለት ይቻላል። ግድቡ ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ በየዓመቱ ይነገር ስለነበር ጆሮ ለምዶታል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ግድቡ ፈረሰ። 22 ሜትር ከፍታ ከነበረው ግድብ ኋላ የተከማቸው ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ውሃ በጠባቡ ሸለቆ ተለቀቀ። ዛፍ፣ ቤት፣ ድልድይ፣ የባቡር ፉርጎ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ ሁሉንም እያግበሰበሰ ወረደ። ከጆንስታውን በላይ በሐዲዱ ላይ ጆን ሄስ የሚባል የባቡር ነጂ የሚመጣውን ድምፅ ሲሰማ የባቡሩን ጡሩምባ በገመድ አስሮ ሳያቋርጥ እያስጮኸ ወደ ታች ነዳው። ያን ድምፅ ሰምተው ወደ ዳገት የሮጡ ብዙ ሰዎች ተረፉ። በዚያ ቀን በትክክል የሠራ ማስጠንቀቂያ ቢኖር ይህ አንድ ጡሩምባ ነበር፤ ጆንስታውን ድረስ ግን አልዘለቀም።

ጎርፉ ከተማዋ የገባው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ነው። መሐል ከተማውን ለመጥረግ የወሰደበት ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ያመጣው ፍርስራሽ በባቡሩ የድንጋይ ድልድይ ላይ ተከመረ፤ በውስጡ ሕይወት ያላቸው ሰዎች ተይዘው እያለ ክምሩ ተቀጣጠለ። ከውሃ አምልጠው በእሳት ያለቁት ሰማንያ ያህል ይሆናሉ ይባላል። በጠቅላላው 2,209 ሰዎች እንደሞቱ ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 396ቱ ሕፃናት ነበሩ። 99 ቤተሰቦች አንድ ሰው ሳይተርፍላቸው ጠፉ። ከሟቾች ሲሶ የሚሆኑት ማንነታቸው አልታወቀም፤ በግራንድቪው መቃብር በ777 ስም አልባ ድንጋዮች ሥር ዐርፈዋል።

እርዳታ ከየአቅጣጫው መጣ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል መሥራች የሆነችው የ67 ዓመቷ ክላራ ባርተን ደርሳ አምስት ወር እዚያው ተቀመጠች። ከውጭ 18 አገሮች ገንዘብ ላኩ፤ ከነዚህም መካከል የኸሊፋው መንግሥት፣ የኡስማኒያ ቱርክ ይገኝበታል። ክለቡ ደግሞ አንድ ሺህ ብርድ ልብስ ላከ። ካርኔጊ በኋላ የከተማዋን ቤተ መጻሕፍት አሠራ፤ ሕንጻው ዛሬ የጎርፉ ሙዚየም ነው።

ዘመዶቻቸውንና ንብረታቸውን ያጡ ሰዎች ክስ መሠረቱ። አልተሳካላቸውም። በአሜሪካ ሕግ «የአምላክ ድርጊት» የሚባል ሐረግ አለ፤ ማንም ሊጠየቅበት የማይችል የተፈጥሮ አደጋ ማለት ነው። ጎርፉ በዚህ ስም ተጠራ። ዝናቡን ያዘነበው አምላክ ነው፤ ስለዚህ ከክለቡ አባላት አንድም ሰው በፍርድ ቤት ተጠያቂ አልሆነም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር በመድረሳ ፊቅህ ስንቀራ ያገኘነው አንድ መስአላ ትዝ ይለናል። በሐነፊ መዝሀብ ኪታቦች ውስጥ፣ በደም ካሳ ክፍል፣ ስለዘመመ ግድግዳ የሚናገር ምዕራፍ አለ። አንድ ሰው ግድግዳው ወደ ሕዝብ መንገድ ዘመመ እንበል። ማንም ሳያሳስበው በድንገት ቢወድቅ አይጠየቅበትም። ነገር ግን «ግድግዳህ ዘሟል፣ አፍርሰው» ተብሎ ከተጠየቀ፣ ምስክርም ከተቆጠረበት፣ ለማፍረስ የሚበቃ ጊዜም አግኝቶ ከተወው፣ ግድግዳው ያጠፋው ንብረት በእርሱ ላይ ነው፤ ለጠፋ ነፍስም የደም ካሳ ይከተላል። ግድግዳውን የጣለው ነፋስ መሆኑ፣ ነፋሱም የአላህ ጭፍራ መሆኑ ከዚህ አያድነውም። ሊቃውንቱ ከማንም በላይ በቀደር ያምኑ ነበር። ቀደርን ግን ከባለ ዕዳ ለማምለጫ በር አላደረጉትም።

በዚህ መስአላ ብንለካው የፉልተን ጽሑፍ ማሳሰቢያው ነው፤ የረፍ መልስ ማሳሰቢያው ለመድረሱ ምስክር ነው፤ ከ1880 እስከ 1889 ያለው ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ጊዜው ነው። ሲሆን ሲሆን ከዚህ የበለጠ የተሟላ ነገር ከየት ይመጣል? በእንግሊዝ አገር በ1868፣ የአንድ ሰው ውሃ ማጠራቀሚያ ተንዶ የጎረቤቱን ማዕድን ጉድጓድ በማጥለቅለቁ በተነሣ ክርክር፣ አደገኛ ነገር በይዞታው ያከማቸ ሰው ባያጠፋም እንኳ ለጉዳቱ ይጠየቃል የሚል ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። ብዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ሳይቀበሉት ቆይተው፣ ከጆንስታውን ሐዘን በኋላ ግን በየክፍለ ግዛቱ እየተቀበሉት ሄዱ። ለጆንስታውን ሰዎች ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

የመሐንዲሶቹም ነገር አለ። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መርማሪዎች ልኮ ነበር። ሪፖርቱ በ1890 መጀመሪያ ቢያልቅም ለሕዝብ የወጣው በ1891 ነው፤ ድምዳሜውም ግድቡ ምንም ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ እንኳ ከዚያ ዝናብ አይተርፍም ነበር የሚል ነበር። ይህ ቃል ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀስ ኖረ። በ2016 የታተመ የፔንሲልቫኒያ ተመራማሪዎች ጥናት የግድቡን ልኬት እንደገና አስልቶ ይህን ድምዳሜ ሻረው። አናቱ ባይቆረጥና ግድቡ እንደ መጀመሪያው አሠራር ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይቋቋመው ነበር። ፍርዱ ሲሻር ተከሳሽም ከሳሽም በሕይወት የሉም።

ሁለተኛው ታላቅ ጎርፍ የመጣው ማርች 17 ቀን 1936 ነው። በዚህ ጊዜ የፈረሰ ግድብ የለም፤ የቀለጠ በረዶና ብርቱ ዝናብ ተገናኙ። ውሃው በአንዳንድ ቦታ ከአራት ሜትር በላይ ከፍ አለ፤ ሁለት ደርዘን ያህል ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዚያው ዓመት መጥቶ ከተማዋን ጎበኘ፤ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶችም ወንዞቹን በኮንክሪት ግንብ አሰፍተው አቀኑ። ሥራው በ1943 ተጠናቀቀ። መልካም ሥራ ነበር። ሆኖም ከተማዋ ራሷን «ጎርፍ የማይደርስባት» ብላ መጥራት ጀመረች።

ክፍለ ግዛቱ ለመልሶ ግንባታው በአስካሪ መጠጥ ላይ የአሥር በመቶ ጊዜያዊ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ቀረጡ እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ይልቁን ወደ 18 በመቶ አድጓል። ገንዘቡም ለጆንስታውን መሄዱ ቀርቶ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ጊዜያዊ የተባለ ቀረጥ ነገር በየትም አገር ያው ነው።

ሦስተኛው በጁላይ 19 ሌሊት 1977 መጣ። የነጎድጓድ ደመና ከቦታው ሳይነቃነቅ በአሥር ሰዓት ውስጥ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ዘነበ። ለተማሪዎቻችን እንዲገባቸው የምንለው እንዲህ ነው፤ 300 ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት ላይ 300 ሊትር ውሃ፣ አሥራ አምስት ጀሪካን ማፍሰስ ነው። ይህን በተራራው ሁሉ አባዙት። የኮንክሪቱ ግንብ ለዚህ ያህል ውሃ አልተሠራም፤ ያም ሆኖ ባይኖር ኖሮ ውሃው ብዙ ሜትር ከፍ ይል እንደነበር መሐንዲሶቹ አስልተዋል። ገዳዩ ግን እንደገና ግድብ ሆነ። በአካባቢው ስድስት ግድቦች ፈረሱ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሎረል ረን የሚባለው ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚያቀርብ የአፈር ግድብ ነበር። ከሥሩ ታነሪቪል በሚባለው መንደር ተኝተው የነበሩ አርባ ያህል ሰዎችን ወሰደ። ጠቅላላው የሟቾች ቁጥር ከ80 በላይ ነበር። በ1889 አናቱ በተቆረጠ ግድብ የተቀጣች ከተማ፣ ከ88 ዓመት በኋላ ዓይኗን በኮንክሪቱ ግንብ ላይ አሳርፋ በኮረብታው ላይ ያለውን ረስታ ተገኘች። ግንቡን በየቀኑ ያዩታል፤ ግድቡን ማን ወጥቶ ያየዋል?

ከዚያ በኋላ የብረት ፋብሪካው ሠራተኛ መቀነስ ያዘ፤ በ1992 ኩባንያው ጨርሶ ለቀቀ። በ1920 ከ67,000 በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 18,411 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁሉ በጎርፉ ማሳበብ አይገባም፤ የብረቱ ገበያም ተበላሽቶ ነበር።

ስለ ጆንስታውን ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው ግን አንድ ተራ ነገር ነው። ከ1889 ጎርፍ በኋላ የካምብሪያ ኩባንያ ከወንዙ ዳር እስከ ተራራው አናት በገመድ የሚጎተት፣ ሽቅብ የሚወጣ ሐዲድ ሠራ። በ1891 ሥራ ጀመረ። ሁለት ፉርጎ አለው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውን ይስባል። የተሠራው ሰዎች ከሸለቆው ወጥተው በአናቱ ላይ ቤት እንዲሠሩና ለሥራ እንዲመላለሱ ነው፤ ፈረስና ጋሪም ይጭን ነበር። ማርች 1936 ውሃው ሲነሣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች በእርሱ ተሳፍረው ወጡ። በ1977ም ሰው አውጥቷል፤ ከላይ ደግሞ ነፍስ አድን ሠራተኞችንና ቁሳቁስ አውርዷል። በመሐሉ ባሉት ዓመታት ሁሉ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ሰዎችን ከቤታቸው ወደ ሥራቸው፣ ከሥራቸው ወደ ቤታቸው ማድረስ ነበር።